ድመትና የድመት ግልገል ስለ መስጠት፣ ስለ መቀበልና ስለ መንከባከብ
(በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ለሚኖሩ ዜጎች የተዘጋጀ መረጃ)

መግቢያ

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳዎች ድመት የሚፈልግ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ድመቱ የወለደችለትን ጎረቤት ይጠይቃል። ግልገሏ በቅርጫት ወይም በካርቶን ተይዛ ከቤት ወደ ቤት ትሸጋገራለች። ሰነድ አይጠየቅም፤ ዋጋም እምብዛም አይነሣም። ይህ ልማድ የመልካም ጉርብትና ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ግልገሏ በስንት ሳምንቷ ከእናቷ እንደተለየች፣ መከተብ አለመከተቧን፣ ከየት እንደተገኘች የሚያረጋግጥ ሦስተኛ ወገን ስለሌለ ኃላፊነቱ በሰጪውና በተቀባዩ ላይ ይወድቃል።

ይህ ኃላፊነት ሳይፈጸም ሲቀር ጉዳቱ በድመቷ ላይ ብቻ አይወሰንም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ በአብዛኛው ለሞት የሚዳርግ በመሆኑ፣ ያልተከተበች ግልገል ወደ ቤት መግባቷ የቤተሰቡን በተለይም የሕፃናቱን ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ስለሆነም ድመት የሚሰጡ፣ የሚቀበሉ፣ እንዲሁም ተጥለው የተገኙ ግልገሎችን የሚያነሡ ዜጎች ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ነጥቦች እንዲያውቁና እንዲተገብሩ ያስፈልጋል።

1. ድመት በቆላው ኑሮ ያላት አገልግሎት

የምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ ምርት ይታወቃሉ። የዞኑ መቀመጫ የሆነችው ሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ ገንዳ ውሃ፣ ከጎንደር ወደ ጠረፍ ከተማዋ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ምርት ሲሰበሰብ እህሉ በጎተራ፣ በመጋዘንና በመኖሪያ ቤት ጥግ በጆንያ ይከማቻል። እህል የተከማቸበትን ቦታ አይጥ ይወረዋል፤ አይጥ የበዛበትን ቦታ ደግሞ እባብ አድኖ ይመጣል። ድመት ለቆላው ገበሬና ለመጋዘን ባለቤት የምትሰጠው ጥቅም ከዚህ ይመነጫል።

ድመት በደንብ ከተመገበች አይጥ አትይዝም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። የማደን ጠባይ ከረኃብ ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ከተፈጥሮዋ ጋር የተሰጣት ነው፤ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ብሂልም ይህንኑ ያመለክታል። ምግብ የምታገኝ ድመት ጤናማና ብርቱ ሆና በቤቱ ዙሪያ ትቆያለች። የምትራብ ድመት ግን ምግብ ፍለጋ ርቃ ትሄዳለች፤ በዚህም ከባዘኑ ውሾችና ከዱር አራዊት ጋር የመገናኘት ዕድሏ ይጨምራል።

2. ሽያጭና ስጦታ

በሸሕዲና በመተማ ዮሐንስ የድመት ሽያጭ እንደ መደበኛ ንግድ የተለመደ አይደለም። የቤት እንስሳት መሸጫ ሱቆች በዋናነት የሚታዩት እንደ አዲስ አበባ ባሉ ትልልቅ ከተሞች ነው። ከሱቅም ሆነ ከመንገድ ዳር ሻጭ ግልገል የሚገዛ ሰው የእናቲቱን ሁኔታ፣ የግልገሏን ዕድሜና የክትባት ማስረጃ መጠየቅ ይኖርበታል። በአንድ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ከተለያየ ቦታ የመጡ ግልገሎች ሲከማቹ ተቅማጥ፣ የዓይንና የመተንፈሻ አካል በሽታ፣ ጭርትና ቁንጫ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በቀላሉ ይተላለፋሉ።

በዚህ ምክንያት የሱቅ ሽያጭን የገደቡ አገሮች አሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች የሆኑ ግልገሎችንና ቡችሎችን ከአርቢው በስተቀር ሌላ ነጋዴ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የቤት እንስሳት ሱቆች ድመትና ውሻ እንዳይሸጡ ታግዷል። የእነዚህ ሕጎች መነሻ ሐሳብ ተቀባዩ ግልገሏን ከእናቷ ጋር፣ በተወለደችበት ቦታ አይቶ እንዲወስድ፣ ወይም ባለቤት ያጡ እንስሳትን ከመጠለያ እንዲቀበል ማድረግ ነው።

ከጎረቤት ተቀብሎ ማሳደግ በቆላው የቆየ ልማድ በመሆኑ ተቀባዩ እናቲቱን የማየት ዕድል አለው። የሚቀረው ዕድሜን፣ ክትባትንና ክትትልን በዚሁ ልማድ ላይ መጨመር ነው።

3. ግልገል ከመሰጠቷ በፊት መሟላት ያለባቸው ሁኔታዎች

ግልገሎች ዓይናቸውን የሚከፍቱት ከተወለዱ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ነው። እስከ 4 ሳምንት ድረስ ሙሉ በሙሉ በእናታቸው ወተት ላይ ጥገኛ ናቸው። ከዚያ በኋላ ለስላሳ ምግብ መቅመስ ይጀምራሉ፤ በ8 ሳምንት ገደማም ጡት መተው ይችላሉ። በእነዚህ ሳምንታት መጸዳጃ መለየትን፣ ሲጫወቱ ጥፍርና ጥርሳቸውን መቆጣጠርን ከእናታቸውና ከወንድም እህቶቻቸው ይማራሉ። ቀድማ የተለየች ግልገል ለበሽታ የተጋለጠች፣ የምትቧጭርና የምትነክስ ልትሆን ትችላለች።

ሰጪ የሚከተሉትን ማሟላት ይጠበቅበታል፦

ሀ) ግልገሏ 8 ሳምንት ሳይሞላት አለመስጠት፤
ለ) ያለ እርዳታ መብላቷንና መጠጣቷን ማረጋገጥ፤
ሐ) ዓይኗና አፍንጫዋ ንጹሕ መሆናቸውን፣ ተቅማጥ እንደሌለባት፣ ቆዳዋ በክብ ቅርጽ እንዳልተላጠ መመልከት፤
መ) ለአንጀት ጥገኛ ትላትል የሚሰጥ መድኃኒት በእንስሳት ጤና ባለሙያ ትእዛዝ እንድትወስድ ማድረግ፤
ሠ) እናቲቱ መቼ እንደተከተበች፣ ባለፉት ወራት በውሻ ወይም በዱር እንስሳ ተነክሳ ከሆነ ሳይደብቁ ለተቀባዩ መንገር።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለግልገል የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ 3 ወር ሲሞላት ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፤ ቀጣዩ ጊዜ እንደ ክትባቱ ዓይነት በባለሙያ ይወሰናል። በ8 ሳምንቷ የተሰጠች ግልገል ክትባቱን የምትወስደው በተቀባዩ ቤት ሆና ስለሆነ፣ ሰጪና ተቀባይ የክትባቱን ቀን በርክክቡ ዕለት መስማማትና በጽሑፍ መያዝ አለባቸው።

4. ተጥላ ወይም እናቷን አጥታ የተገኘች ግልገል

ግልገሎች በአጨዳ ወቅት በሰሊጥ ማሳ፣ የእርሻ ካምፕ ሲዘጋ፣ በገበያ ቦታ፣ ቤተሰብ ቤት ለቅቆ በሚሄድበት ጊዜ ብቻቸውን ሊገኙ ይችላሉ። የሚያገኛቸው ሰው በመጀመሪያ እናቲቱ መኖር አለመኖሯን ማረጋገጥ አለበት። እናት ድመት ለአደን ስትወጣ ግልገሎቿን ለሰዓታት ትታ መሄድ የተለመደ ነው። ቦታው ከእሳት፣ ከትራክተር፣ ከተሽከርካሪና ከውሻ የተጠበቀ ከሆነ ርቆ መጠባበቅ ይመረጣል። አደጋ ካለ ግን ወዲያውኑ በአቅራቢያ ወዳለ ጥላ ማዛወር ይገባል።

እናቲቱ እንደማትመለስ ሲረጋገጥ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠበቃል፦

1) ግልገሏን በወፍራም ጨርቅ ወይም በጓንት መያዝ። በባዶ እጅ የያዘ ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ በክፍል 7 የተገለጸውን ማድረግ አለበት።

2) የሰውነቷን ሙቀት ማስተካከል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግልገል የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም። የቀዘቀዘች ግልገል ምግብ መፍጨት ስለማትችል ከመመገቧ በፊት በጨርቅ ተጠቅልላ መሞቅ ይኖርባታል። በአንጻሩ የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚበልጥባቸው የበጋ ወራት የቆርቆሮ ቤትና ዝግ ካርቶን ግልገልን በአጭር ጊዜ ሊገድሉ ስለሚችሉ አየር የሚገባበት ጥላ ያስፈልጋል።

3) መመገብ። ከሁሉ የሚሻለው ሌላ የምታጠባ ድመት ማግኘት ነው፤ ብዙ እናት ድመቶች የሌላን ግልገል ተቀብለው ያጠባሉ። ይህ ካልተቻለ ስለ ምትክ ወተት የእንስሳት ጤና ባለሙያን መጠየቅ ይገባል። የላም ወተት ለብዙ ግልገሎች ተቅማጥ ስለሚያስከትል እንደ ዘላቂ ምግብ አይመከርም። ግልገሏ የምትመገበው በሆዷ ተኝታ እንጂ በጀርባዋ ተንጋልላ መሆን የለበትም፤ ወተቱ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ከ3 ሳምንት በታች ያለች ግልገል ከተመገበች በኋላ በረጠበና ለብ ባለ ጨርቅ ከሥር ስትታሸት ትጸዳዳለች፤ እናቷ በምላሷ የምታደርገው ይህንኑ ነው።

4) ለይቶ ማቆየት። በቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለ አዲሷ ግልገል ቢያንስ ለ2 ሳምንታት በተለየ ክፍል፣ በተለየ የምግብና የውኃ ዕቃ ትቆያለች።

5) ቤት መፈለግ። ግልገሏን ለዘለቄታው ማሳደግ የማይችል ሰው ለጎረቤት፣ ለዕድር አባላት፣ ለመጋዘንና ለወፍጮ ቤት ባለቤቶች ማሳወቅ ይችላል። ለመጀመሪያው ጠያቂ ከመስጠት በፊት ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በቤቱ የአይጥ መርዝ ይደረግ እንደሆነ፣ ክትባቱን የሚያስከትበው ማን እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ለሥራ ሲንቀሳቀስ ድመቷ ከማን ጋር እንደምትቀር። ለአጨዳ ወቅት ብቻ ተፈልጋ የምትወሰድ ግልገል ወቅቱ ሲያልፍ ተመልሳ ባዶ ካምፕ ውስጥ የመቅረት ዕድል አላት።

5. የዱር ድመትን ከቤት ድመት ስለ መለየት

የቤት ድመት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2007 በሳይንስ መጽሔት የታተመ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ይህች የዱር ድመት ዛሬም በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የምትኖር በመሆኗ፣ በማሳና በቁጥቋጦ ውስጥ የተገኘች ግልገል ሁሉ የቤት ድመት ላትሆን ትችላለች። የዱር ድመት አመድማ ወይም አሸዋማ መልክ፣ ረዣዥም እግሮች፣ ጥቁር ቀለበቶች ያሉበትና ጫፉ የጠቆረ ጅራት፣ እንዲሁም ከጀርባው ወደ ቀይ የሚያደላ ጆሮ አላት። ሆኖም ሁለቱ ስለሚዳቀሉ በመልክ ብቻ መለየት ለባለሙያም ሊያስቸግር ይችላል።

በቋራ ወረዳ የሚገኘውና ከሱዳኑ ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚዋሰነው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳና ነብርን ጨምሮ የድመት ወገን የሆኑ የዱር እንስሳት መኖሪያ ነው። የእነዚህን እንስሳት ግልገል አንሥቶ ወደ ቤት መውሰድ፣ መሸጥ ወይም ድንበር ማሻገር በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ የማይፈቀድ ተግባር ነው። እንዲህ ያለ ግልገል ያየ ሰው ሳይነካ በቦታው ትቶ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም ለወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ አለበት። እናቲቱ በቅርብ ልትኖር ስለምትችል መጠጋቱ ለሰውም አደገኛ ነው።

6. ከተቀባይ የሚጠበቅ ጥንቃቄ

*መርዝ።* አይጥን በመርዝና በድመት በአንድ ጊዜ መከላከል አይቻልም። መርዝ የበላች አይጥ ስለምትዳከም ድመት በቀላሉ ትይዛታለች፤ የያዘቻትም ድመት ልትመረዝ ትችላለች። ድመት ያለበት መጋዘን ወጥመድ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያና አይጥ የማያሾልክ በር ቢጠቀም ይሻላል። ለእህል ማከሚያ የሚውሉ ጋዝ አመንጪ ክኒኖች በተቀመጡበት ዝግ ቤት ሰውም ድመትም መግባት የለባቸውም።

*መድኃኒት።* ለከብት መዥገር የሚረጭ ኬሚካል በድመት ላይ መርጨት አይገባም። ፓራሲታሞል ለሰው የተለመደ ማስታገሻ ቢሆንም ድመትን ይገድላል። ለቁንጫም ሆነ ለሕመም መድኃኒት የሚሰጠው በባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ነው።

*ውኃና ጥላ።* በበጋ ወራት ንጹሕ ውኃ ቀኑን ሙሉ ሊኖር ይገባል።

*ንጽሕና።* የድመት ዓይነ ምድር ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋሲ ሊኖረው ይችላል። ተሕዋሲው ወደ ሰው የሚተላለፍበት ደረጃ ላይ የሚደርሰው ዓይነ ምድሩ ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ በመሆኑ የመጸዳጃ ቦታውን በየዕለቱ ማጽዳት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ለሌላ የቤተሰብ አባል መተው ይኖርባታል። ጥሬ ሥጋና ያልታጠበ አትክልትም የዚሁ ተሕዋሲ መተላለፊያ ስለሆኑ ድመትን ከቤት ማስወጣት ብቻውን መከላከያ አይሆንም።

7. የእብድ ውሻ በሽታ

በሽታው በውሻ ስም ቢጠራም ድመትን ጨምሮ ማንኛውም አጥቢ እንስሳ ሊይዘውና ሊያስተላልፈው ይችላል። በኢትዮጵያ የቆየ ታሪክ ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ተከስቶ እንደነበር በታሪክ ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 የሚደርሱ ሰዎችን እንደሚገድል ይገምታል፤ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው።

የታመመች ድመት ጠባይዋ በድንገት ይለወጣል። ለማዳ የነበረችው ያለ ምክንያት ትናከሳለች ወይም ጨለማ ቦታ ትደበቃለች፤ ድምፅዋ ይቀየራል፣ ልጋግ ታዝረበርባለች፣ መዋጥ ያቅታታል፣ በመጨረሻም ሽባ ትሆናለች። ተነክሳ ምልክት እስኪታይባት ድረስ ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ስለሚችል ዛሬ ጤናማ መስላ የምትታይ ግልገል ነገ ልትታመም ትችላለች።

የተነከሰ፣ የተቧጨረ፣ ወይም ቁስሉን ድመት የላሰችው ሰው፦

1) ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጥ ማጠብ፤
2) ቅጠል፣ ዱቄት ወይም ሌላ ባዕድ ነገር በቁስሉ ላይ አለማድረግ፤
3) በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ፤
4) የታዘዘውን ክትባት እስከ መጨረሻው ቀጠሮ ድረስ መውሰድ ይኖርበታል።

ጸበል ወይም የባህል መድኃኒት የሚጠቀም ሰው ክትባቱን በዚያ ምክንያት ማዘግየት የለበትም። ሕፃናት ቁጣ ፈርተው መነከሳቸውን እንዳይደብቁ ወላጆች አስቀድመው ሊያስተምሯቸው ይገባል።

የነከሰችው ድመት የምትታወቅና ጤናማ ከሆነች ሳትገደል ለ10 ቀናት ተለይታ በክትትል ትቆያለች። በእነዚህ ቀናት ካልታመመችና ካልሞተች በነከሰችበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው፤ ክትባቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ግን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከሞተች በባዶ እጅ ሳይነካ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የእንስሳት በሽታን መከላከልና መቆጣጠር በአዋጅ የተደነገገ ሲሆን፣ የባለቤቶች በወቅቱ ማሳወቅ ለአፈጻጸሙ መሠረት ነው።

8. ማምከንና ማኮላሸት

ሴት ድመት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜዋ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናው 9 ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይም ትወልዳለች። ስለዚህ በመስከረም የተወለደች ግልገል በቀጣዩ ክረምት የራሷን ግልገሎች ይዛ ልትገኝ ትችላለች። ለሁሉም ቤት ማግኘት ስለማይቻል ግልገሎችን ጥሎ ከመሄድ ወይም ከመግደል ይልቅ እናቲቱን ማምከን ዘላቂ መፍትሔ ነው። የመከነች ድመት አይጥ ማደኗን አትተውም። የተኮላሸ ወንድ ድመትም ከሠፈር ሠፈር መዞርና መደባደብ ስለሚቀንስ ቁስልና በሽታ ይዞ የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። ቀዶ ሕክምናው በማደንዘዣ፣ በእንስሳት ሐኪም የሚከናወን ነው።

9. ድንበር ስለሚያቋርጡ ድመቶች

በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በርካታ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ድመቱን ይዞ የተሻገረ ሰው የክትባት ማስረጃ ከሌለው እንስሳውን ደብቆ ከማቆየት ይልቅ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳይቶ ማስከተብ ይጠቅመዋል። በመደበኛ ጉዞ ድመት ወደ አገር የሚያስገባ ወይም ከአገር የሚያስወጣ ሰው ስለሚያስፈልገው ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት ከጉዞው በፊት የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን መጠየቅ አለበት።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ድመት ይዘው የሚሄዱ ዜጎች ዝግጅቱ ወራት እንደሚወስድ ማወቅ አለባቸው። በመጀመሪያ የመለያ ቺፕ ይቀበራል፤ ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጣል። ከክትባቱ ቢያንስ ከ30 ቀናት በኋላ ደም ተወስዶ ኅብረቱ በተቀበለው ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮም 3 ወር መጠበቅ ግዴታ ነው።

10. አገልግሎት ስለሚገኝባቸው ተቋማት

• ለጤና ምርመራ፣ ለጥገኛ ትላትል መድኃኒትና ለክትባት፦ በቅድሚያ የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ። የድመት ክትባት በአንድ ብልቃጥ ለብዙ እንስሳት የሚከፈት ሊሆን ስለሚችል ጎረቤታሞች ድመቶቻቸውንና ውሾቻቸውን በአንድ ቀን ይዘው ቢቀርቡ ብክነት ይቀንሳል።
• በወረዳ ደረጃ ለማይሰጥ የቀዶ ሕክምና አገልግሎት፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና እንስሳት ሳይንስ ኮሌጅን መጠየቅ ይቻላል።
• ለተነከሰ ሰው፦ በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ክትባቱ በዚያ ከሌለ የሪፈር ወረቀት ተቀብሎ ወዲያውኑ መሄድ ያስፈልጋል።
• ለዱር እንስሳት ጉዳይ፦ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት።

ለአገልግሎት የሚመጣ ሰው ድመቷን አየር በሚያስገባ ቅርጫት ወይም በተበሳ ካርቶን ይዞ፣ ዕድሜዋን፣ ከማን እንደተቀበላት፣ ቀደም ሲል የወሰደችውን ክትባትና መድኃኒት ለባለሙያው ማስረዳት ይኖርበታል። የተሰጠው የክትባት ካርድ ድመቷ ለሌላ ሰው ስትተላለፍ አብሮ ይተላለፋል።

ማሳሰቢያ

ግልገል ሲሰጥም ሆነ ሲወሰድ ሦስቱ ጉዳዮች ሳይዘነጉ ሊፈጸሙ ይገባል፤ 8 ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አለመለየት፣ በ3 ወሯ ማስከተብ፣ ድመት በገባበት ቤት መርዝ አለማስቀመጥ። የነከሰች ድመት ብታጋጥም ደግሞ አስቀድሞ ቁስሉን ማጠብ፣ ቀጥሎም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።